ምድርን ስለ ከበበው የማይታይ መቀነት

ማግኔት ብረትን እንደሚስብ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ምድር ራስዋ ታላቅ ማግኔት መሆንዋ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ኖረ። መርከበኞች የማግኔት መርፌ ጫፍዋን ወደ ሰሜን እንደምትመልስ አይተው ስለ ምክንያቱ ይከራከሩ ነበር፤ አንዳንዶቹ የሰሜን ኮከብ ይስባታል፥ ሌሎቹም በሰሜን ባሕር የማግኔት ተራራ አለ ይሉ ነበር። በ1600 ዓመት ዊልያም ጊልበርት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከማግኔት ድንጋይ ኳስ አበጅቶ፥ በላይዋም ትንሽ መርፌ እያዞረ መርምሮ፥ መርፌይቱን የምትመራት ምድር ራስዋ ናት ብሎ ጻፈ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠሩት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የምድር ማግኔትነት የሚመነጨው በጥልቅ ውስጥዋ ቀልጦ ከሚናወጠው ብረት ነው። ኀይሉ ግን በምድር ገጽ ላይ አያበቃም፤ መንገዱ ከደቡብ ዋልታ አጠገብ ይወጣል፥ በሰማይ ላይ እንደ ቀስት ይጐብጣል፥ በሰሜን ዋልታ አጠገብም ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ በዋልታዎቹ ዘንድ በነጻ የተንጠለጠለች መርፌ ወደ ታች ትዘቀዝቃለች። በኢትዮጵያ ግን የማግኔቱ ወገብ በላይዋ ስለሚያልፍ መርፌይቱ እንደ ቀና የሚዛን በትር ጋደም ብላ ትቆማለች።

በ1958 በጥር ወር መጨረሻ ሌሊት አሜሪካኖች የመጀመሪያ ሳተላይታቸውን በሮኬት ወደ ሰማይ ሰደዱ፤ ስምዋም ኤክስፕሎረር አንድ ይባላል። ሳተላይት ማለት ሰው ሠርቶ የሚሰዳት፥ እንደ ጨረቃም ምድርን የምትዞር ናት። የዚህች ክብደት 14 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። በውስጥዋም በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄምስ ቫን አለን ከተማሪዎቹ ጋር ያዘጋጀው ቈጣሪ መሣሪያ ነበረ። ሥራው ከሩቅ ጠፈር የሚመጡትን፥ ዓይን የማያያቸውን ፈጣን ቅንጣቶች መቍጠር ነው። አንድ ቅንጣት ባለፈበት ጊዜ ሁሉ መሣሪያው አንድ ምልክት ይሰጣል፥ ምልክቱም በራዲዮ ወደ ምድር ይደርሳል።

ሳተላይቲቱ ለምድር በቀረበች ጊዜ፥ ይኸውም በ360 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ፥ ቈጣሪው በአንድ ሴኮንድ 30 ያህል ይቈጥር ነበር፤ ይህም አስቀድሞ የተጠበቀ ነው። ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ በወጣች ጊዜ ግን ቍጥሩ ባዶ ሆነ። ችኩል ሰው ቢሆን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለው ነበር፤ ወይም በዚያ ከፍታ ምንም የለም ብሎ በመጽሐፍ ያትመው ነበር። ነገር ግን ሳተላይቲቱ ወደ ታች በተመለሰች ጊዜ ቈጣሪው እንደ ቀድሞው በደኅና ይቈጥራል። በመጋቢት ወር የቈጠረችውን በቴፕ መዝግባ የምትይዝ ሌላ ሳተላይት፥ ኤክስፕሎረር ሦስት፥ ተላከች። እርስዋም ስትወጣ ቍጥሩ ይበዛል፥ እጅግም ይበዛል፥ ከዚያ በድንገት ባዶ ይሆናል፤ ስትወርድ ደግሞ መጀመሪያ እጅግ በዝቶ ኋላ ይቀንሳል።

ያን ጊዜ ከቫን አለን ረዳቶች አንዱ፥ ካርል ማክኢልዌይን፥ እንደዚያው ያለ ቈጣሪ ወስዶ በኤክስ ጨረር ፊት አቆመው። ጨረሩ በበረታ ጊዜ ቈጣሪው ዝም አለ። ነገሩ በገበያ ቀን በኬላ በር ቆሞ አላፊውን እንደሚቈጥር ሰው ነው። ሰዎች አንድ በአንድ ቢያልፉ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለ ይቈጥራል። ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ግር ብሎ ቢገባ ግን አንደኛውን ጠርቶ ሳይጨርስ ሌላው ያልፋል፥ አንደበቱም ይያዛል። ከሩቅ ሆኖ የሚሰማው ሰው፥ ድምፅ የለምና ማንም አላለፈም ይላል። እንግዲህ የቈጣሪው ዝምታ የባዶነት ሳይሆን የብዛት ነበረ። ቅንጣቶቹ ከተጠበቀው ከሺህ እጥፍ በላይ እንደ ሆኑ ታወቀ፤ ቫን አለንም ይህን በ1958 በግንቦት 1 ቀን በዋሽንግተን ለሊቃውንት ጉባኤ ነገረ።

ይህ ሁሉ ቅንጣት በዚያ ስለ ምን ተሰበሰበ? ስለ ምንስ አይበተንም? ቅንጣቶቹ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን የሚባሉ፥ ኤሌክትሪክን የተሸከሙ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ማግኔት እንዲህ ያለውን ሯጭ ሲያገኘው አያቆመውም፥ አያፈጥነውምም፤ ወደ ጐን ይጠመዝዘዋል እንጂ። ሁልጊዜ ወደ ጐን ስለሚጠመዘዝም፥ በአውድማ እህል እንደሚያበራይ በሬ ዙሪያውን ይዞራል። ነገር ግን በሬው ባለበት ሲዞር፥ ቅንጣቱ እየዞረ ደግሞ በማግኔቱ ኀይል መንገድ ይገሰግሳል፤ ጕዞው በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ፈትል ነው።

ወደ ዋልታው ሲቀርብ የኀይሉ መንገዶች እንደ ነዶ ማሰሪያ ባንድ ስፍራ ይጠጋጋሉ፥ ኀይሉም ይበረታል። ያን ጊዜ የቅንጣቱ ዙር ይጠባል፥ ወደ ፊት መሄዱም ይዘገያል፤ በመጨረሻም ይቆምና ወደ መጣበት ይመለሳል። በሌላው ዋልታ አጠገብም እንዲሁ ያገኘዋል። ስለዚህ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከሰሜን ወደ ደቡብ፥ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲመላለስ ይኖራል፤ ብርቱ ኤሌክትሮን አንዱን ምልልስ የሚፈጽመው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። በዚህም ላይ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ምሥራቅ፥ ፕሮቶኖቹ ወደ ምዕራብ እያዘነበሉ በምድር ዙሪያ ይሄዳሉ። የጨረሩ ስፍራ እንደ መቀነት የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ግንብም በርም የለውም፥ ቅንጣቱ ግን ታስሮበታል። መመለሻው ወደ ምድር እጅግ የቀረበበት ብቻ ከአየር ጋር ተጋጭቶ ይጠፋል።

በ1958 በታኅሣሥ ወር ፓዮኒር ሦስት የተባለች ጠፈረኛ መሣሪያ 100,000 ኪሎሜትር ያህል ርቃ በሄደች ጊዜ መቀነቱ አንድ ሳይሆን ሁለት እንደ ሆነ አሳየች። የውስጠኛው ከ1,000 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ይጀምራል፤ ብርቱ ፕሮቶኖች ይበዙበታል። የውጭኛው ከ13,000 እስከ 60,000 ኪሎሜትር ይደርሳል፤ የሚሞላውም በኤሌክትሮን ነው፥ ፀሐይ በተናወጠች ጊዜም ይሰፋል፥ ይጠባል። በ2012 በቫን አለን ስም የተጠሩ ሁለት ሳተላይቶች ሦስተኛ መቀነት አገኙ፤ አራት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጠፋ።

በምድር ላይ ያለውን ሰው ከነዚህ ቅንጣቶች አየር ይጠብቀዋል። በመቀነቱ ውስጥ የሚቆይ ሥጋ ግን ይጐዳል፥ የኤሌክትሪክ መሣሪያም ይበላሻል። ከ1968 እስከ 1972 ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎች በፍጥነት ስላለፉት ነው በጤና የተመለሱት።

ሰው ይህን ባወቀ በአራተኛው ዓመት በመቀነቱ ላይ የራሱን ጨመረበት። በ1962 በሐምሌ 9 ቀን አሜሪካኖች በፓስፊክ ውቅያኖስ በጆንስተን ደሴት ላይ፥ በ400 ኪሎሜትር ከፍታ፥ ታላቅ የኑክሌር ቦምብ አፈነዱ። ከፍንዳታው የወጡት ኤሌክትሮኖች በምድር ማግኔት ተይዘው አዲስ መቀነት ሆኑ፥ ለዓመታትም አልጠፉም። የእንግሊዝን የመጀመሪያ ሳተላይት ኤሪየል አንድን ጨምሮ ብዙ ሳተላይቶች ተጐዱ፤ ይህን ያህል ጥፋት ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በ1963 በነሐሴ ወር አሜሪካ፥ ብሪታንያና ሶቪየት ኅብረት እንዲህ ያለውን ቦምብ በአየርና በጠፈር፥ በባሕርም ውስጥ እንዳይፈትኑ በሞስኮ ተፈራረሙ።

ቦምቡ በፈነዳ በማግስቱ ቴልስታር የተባለች ሳተላይት ተላከች። የቴሌቪዥን ሥዕል ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ያሻገረች እርስዋ ናት፥ ሁሉም ተደነቀባት። መንገድዋ ግን በዚያ አዲስ መቀነት ውስጥ ያልፍ ነበርና በኅዳር ወር ትእዛዝ መቀበል አቃታት። መሐንዲሶቹ ብዙ ደክመው በጥር አስነሥተዋት ነበር። በ1963 በየካቲት ወር ግን እንደ ገና ዝም አለች፤ እስከ ዛሬም ድምፅ ሳትሰጥ ምድርን ትዞራለች።