የክትባት መዝገብ የአደራ መዝገብ ነው

ክትባት የሕዝብን ጤና ከሚጠብቁት መሣሪያዎች አንዱና ዋነኛው መሆኑን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። ስለ መርፌው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ከመርፌው በኋላ ስለሚጻፈው መዝገብ ግን የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ መዝገቡና ስሙ በውስጡ ስለሚሰፍረው ሰው መብት ጥቂት ለማስረዳት አስበናል።

በፈንጣጣ ዘመን ሰው መከተቡን የሚመሰክረው በክንዱ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ነበር። ፈንጣጣ በ1968 ዓ.ም. ከአገራችን ጠፋ። በ1972 ዓ.ም. የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ግን ክትባቱ ብዙና ተደጋጋሚ ስለሆነ ጠባሳ ብቻውን ምስክር ሊሆን አልቻለም። ዛሬ ሕፃን እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ይሰጠዋል፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ሌሎች ይከተላሉ፤ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይሰጣል። ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ የሚያስታውስ ወላጅም ሆነ ሐኪም አይገኝም። መዝገብ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአስኮ፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ቤት በለወጠ ጊዜ ሕፃኑ የጀመረውን ክትባት መጨረሱ የሚታወቀው በካርዱና በመዝገቡ ነው። የእናቲቱ ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ የሚጠየቀው ቀጠሮ ያለፈበትን ልጅ ፈልጎ ለማግኘት እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይደለም።

«ክትባት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ታዲያ ምን የሚደበቅ አለው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መዝገቡ የሚናገረው ስለ መርፌው ብቻ አይደለም። በአገራችን የልጅ ስም ከአባቱ ስም ጋር ይጻፋል። በሰልፍ መካከል «አባቱ ማን ይባላል?» ተብሎ በጩኸት ቢጠየቅ፣ ልጅዋን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ምን ያህል እንደምትሸማቀቅ መገመት አያዳግትም። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ በዘመድ ቤት የተጠጋች ሴት ደግሞ አድራሻዋ ለጠየቀ ሁሉ የሚነገር ከሆነ ሕይወትዋ አደጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሥጋት ያደረባት እናት ከጤና ጣቢያ ብትቀር ጉዳቱ የሚደርሰው በሕፃኑ ላይ ነው፤ ኩፍኝ በገባ ጊዜም በጎረቤት ልጆች ላይ ነው።

ስለዚህ ሁለት ፈቃዶችን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አንደኛው ለመርፌው የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈው ነገር ለምን ሥራ እንደሚውል ሰምቶና ተረድቶ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ልጅዋን ለመርፌው ያቀረበች እናት ስልክዋ ለማንም እንዲሰጥ ፈቅዳለች ማለት አይደለም።

የጤና ሥራ ለሌላ ዓላማ የዋለ እንደሆነ የሚመጣውን ጉዳት ፓኪስታን አይታዋለች። በ2003 ዓ.ም. የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በአቦታባድ ከተማ የጉበት በሽታ ክትባት ዘመቻ አስመስሎ መረጃ ለመሰብሰብ ሞከረ። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ በክትባት ላይ የነበረው ጥርጣሬ በረታ፤ በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. የፖሊዮ ክትባት የሚሰጡ ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ። በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ክትባትን ለስለላ ሽፋን እንደማያደርግ አስታወቀ፤ ሆኖም የጠፋ እምነት በማስታወቂያ ብቻ አይመለስም።

በአገራችንም ሕጉ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ያዝዛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ወገን እንዲቈጠር አድርጓል። መረጃ ለተነገረው ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይም እንዳይጠየቅ ደንግጓል። ዛሬ መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመሸጋገር ላይ ስለሆነ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በቁልፍ ከሚዘጋ ሣጥን ይልቅ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ፈጥኖ ይሠራጫልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የጤና ሠራተኛ ከመጻፉ በፊት የሚጽፈውን ነገር ምክንያት በአጭር ቃል ያስረዳ፤ ጥያቄውንም ጎረቤት በማይሰማበት ስፍራ ያቅርብ። ለበላይ መሥሪያ ቤት የሚላከው የወር ሪፖርት የሚፈልገው ቍጥር እንጂ ስም ስላልሆነ፣ ስሙ በጤና ጣቢያው ይቆይ። ወላጆችም «ይህ ለምን ይጻፋል? ማንስ ያየዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም። ስሕተት ተጽፎ ያገኙ እንደሆነም እንዲታረም ያመልክቱ።

መምህራንን በተለይ የምናሳስበው ነገር አለ። የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት ሲሰጥ ቆይቷል። የስም ዝርዝር የሚያዘጋጁት ብዙ ጊዜ መምህራን ናቸው። ይህ ዝርዝር በግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ በቴሌግራምም አይላክ። ወላጆቿ ያልፈቀዱላት ልጅ ስም በክፍል ፊት አይነበብ፤ ይልቁንስ ወላጆቿን ለብቻ ጠርቶ ማስረዳት ይሻላል። ተሸማቅቃ የሄደች ልጅ ወላጆች በሌላ ቀን ሊሰሙን አይፈልጉም።

በሕዝባችን ዘንድ «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ወላጆች በክትባት መዝገብ ላይ የሚያስቀምጡት የልጃቸውን ስምና የቤታቸውን ምሥጢር ነው። ይህን አደራ የጠበቅን እንደሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያለ ጥሪ ይመጣሉ፤ የበላን እንደሆነ ግን ክትባቱ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል፤ በሽታውም ደጃፋችን ይደርሳል።