ደርቦ የማለፍ ሕግና የእሽቅድድም ሐሴት

ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር፣ በፊቱ የሚያዘግመውን የጭነት መኪና ደርቦ ለማለፍ ልቡ ቢቸኩል እንኳ፣ ከኩርባው ወዲያ የሚመጣው አይታየውምና ታግሦ መከተል ግዴታው ነው፤ የመንገድ ሕግ ነፍስን ለመጠበቅ የተሠራ ስለ ሆነ መቅደምን ማክበዱ ይገባዋል። በእሽቅድድም ሜዳ ግን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣልና፣ ተመልካችም የሚናፍቀው መቀዳደምን ነውና፣ ሕግ አውጪዎቹ የሚደክሙት መቅደምን ለማቅለል ነው።

የፎርሙላ ዋን መኪና በክንፎቿ አየሩን እየገፋች ራሷን ወደ መሬት የምትጫን በመሆኗ፣ ከኋላዋ የምትተወው አየር የታወከ ነው፤ ተከታይዋ በዚህ ሁከት ውስጥ ስትገባ በኩርባ ላይ መሬት የመቆንጠጥ ኃይሏ ስለሚጎድል፣ ፈጣኑ ከዝግተኛው ኋላ ታስሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአቡዳቢ በተደረገው የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር፣ በነጥብ ይመራ የነበረው ፈርናንዶ አሎንሶ አብዛኛውን ዙር ከቪታሊ ፔትሮቭ ኋላ ሆኖ መውጫ አጥቶ 7ኛ ሲወጣ፣ የዓለም ሻምፒዮንነቱ በ4 ነጥብ ብልጫ ለሴባስቲያን ፌትል ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሥርዓት ታወጀ፤ ከቀዳሚው በ1 ሰከንድ ውስጥ የደረሰ ተወዳዳሪ በተወሰነ ቀጥተኛ መንገድ ላይ የኋላ ክንፉን ከፍቶ የአየሩን ተቃውሞ እንዲቀንስ ሲፈቀድለት፣ የሚከላከለው ግን ይኸው ተነፈገው። የመቀዳደሙ ቍጥር እጅግ በረከተ፤ ሐሴቱ ግን በዚያው መጠን የበረከተ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በባሮ ወንዝ ዳር ተቀምጦ በቴሌቪዥን የሚመለከት ሰው እንኳ፣ ክንፉ ገና ሲከፈት የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

በእግር ሩጫ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመበት ፍጻሜ እስከ ዛሬ ልባችንን የሚያንቀጠቅጠው፣ ቴርጋት እስከ መጨረሻይቱ እርምጃ ስላልለቀቀና ለኃይሌም ከገዛ እግሩ በቀር የተጨመረለት ረዳት ስላልነበረ ነው። የመቅደም ክብር የሚመጣው ከተከላካዩ ብርታት ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 የመኪኖቹን ቅርጽ በመለወጥ የአየሩን ሁከት ለመቀነስ የወጣውን ሕግ አብልጬ አመሰግናለሁ፤ አንዱን ሳያስታጥቅ የሁለቱንም መሰናክል ለማንሣት የታሰበ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2026 ደግሞ የተከታዩ ብቻ የነበረው ክንፍ የመክፈት መብት ለሁሉም ሲሆን፣ በ1 ሰከንድ ውስጥ የደረሰው ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ኃይል ያገኛል። እዚህም አድልዎ አለ፤ ይሁን እንጂ ተከላካዩ የባትሪውን ኃይል በጥበብ ቆጥቦ ከሆነ መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ የተቀደመውም ተራው ሲደርስ በዚያው ሥርዓት ያጠቃል።