ከስምጥ ሸለቆው ሥር ያለው ካርታ

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ ደጋግመው ሲናወጡ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ሲሰማ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ሲለቁ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ መነሻው የት ነው? ይህን ለመመለስ ሞገዱ ያለፈበትን ዓለት ማወቅ ግድ ይላል።

ስሌቱን እንየው። ከመሬት መንቀጥቀጥ ፈጣንና ዘገምተኛ ሞገዶች ተከታትለው ይደርሳሉ። በመካከላቸው 10 ሰከንድ ቢኖር፣ ፈጣኑ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር፣ ዘገምተኛውም ከእሱ ጋር ባለው የተለመደ ጥምርታ ይጓዛል ካልን መነሻው 82 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዓለቱ ሁለቱንም ሞገዶች በ10 በመቶ የሚያፈጥን ከሆነ ግን ርቀቱ 90 ይሆናል። ስምንት ኪሎ ሜትር ማለት ከፈንታሌ ተራራ አናት መተሐራ ከተማ እንደ መድረስ ነው። በዙሪያው ብዙ የንዝረት መለኪያ ጣቢያ ሲኖር ስህተቱ ይጠባል፤ ጥልቀቱን ለመለየት ግን ያኔም ትክክለኛ የፍጥነት ሞዴል ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሞዴል ለመሥራት በጥር 1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ጋር «ኢግል» በተባለው ፕሮጀክት ከ1,000 በላይ ሲስሞሜትሮች (የንዝረት መለኪያዎች) ዘረጋ። አንደኛው መስመር ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ፣ ሌላው ከደጋ ወደ ደጋ አቋርጦት፣ እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። በጉድጓዶችና በሐይቆች ውስጥ ፈንጂ እንዲፈነዳ ተደረገ። ፍንዳታው የሚነሳበት ቦታና ሰዓት በትክክል ስለሚታወቅ፣ ሞገዱ ከደረሰበት ሰዓት ተነስቶ የዓለቱን ፍጥነት ማስላት ይቻላል።

ውጤቱ አስደናቂ ነበር። ተመራማሪዋ ኬቲ ኬራነንና ባልደረቦቿ ከሸለቆው ወለል በታች፣ በ10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት አካባቢ፣ ሞገድ ከዙሪያቸው ይልቅ የሚፈጥንባቸው ረጃጅም የዓለት አካላት አገኙ። ከታች ገብቶ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት መሆናቸው ነው። አፍሪካ እዚህ ላይ የምትሰነጠቀው በስብራት ብቻ ሳይሆን በቅልጥ ዓለት ጭምር እንደሆነ ያሳየ ማስረጃ ነው።

ያ የምስሉ ጥራት ግን የእነዚያ መስመሮችና የአካባቢያቸው ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ዳባሁ ላይ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሰነጠቅ ተጨማሪ መሣሪያ የተተከለው ከክስተቱ በኋላ ነበር። ግድብ፣ የባቡር ሐዲድና ከተማ የምትገነባ አገር ከእግሯ በታች ያለውን በእንግዳ ፕሮጀክት ወቅት ብቻ ማጥናቷ አይበቃም እላለሁ። ቋሚ ጣቢያዎች መብዛት አለባቸው፤ ይህ ገንዘብ ይፈልጋል። ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ርካሽ ሥራም አለ። የድንጋይ ካባዎች ለሲሚንቶና ለመንገድ ሥራ ፈንጂ ይጠቀማሉ። የእያንዳንዱን ፍንዳታ ትክክለኛ ቦታና ሰከንድ መዝግበው ለዩኒቨርሲቲው ቢልኩ፣ ሞገዱ እስከሚደርስባቸው ጣቢያዎች ድረስ ያለው ዓለት በየጊዜው ይለካል።