ወደ ፀሐይ መውደቅ ለምን ይከብዳል?

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የሚባለውን ሮኬት የመሥራትና የማስወንጨፍ ጌም የምትጫወቱ እህት ወንድሞች ጥቂት አይደላችሁም (ለፈተና ሳምንት ባንመክረውም)። ለማትጫወቱትም ጥያቄው የፊዚክስ ነውና አብረን እንየው፦ ሰው አልባ መንኮራኩር ፀሐይን እንዲያጠና ስንልከው ለምን ያን ሁሉ ነዳጅ ይፈጃል? ፀሐይ ራሷ አትስበውም እንዴ?

ትስበዋለች። ግን በጌሙ ውስጥ የምንነሳባት ፕላኔት ከርቢን ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 9.3 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች ነው። መንኮራኩሩም ይህንኑ ፍጥነት ይዞ ይወጣል። ወንጭፍ ያሽከረከረ ሰው ያውቀዋል፤ ገመዱ ድንጋዩን ወደ እጅ ይስበዋል፣ ድንጋዩ ግን ይዞራል እንጂ እጅ ላይ አይመጣም።

ስለዚህ ሞተሩን ወደ ጉዞው አቅጣጫ አዙሮ እያነደዱ ፍጥነቱን መቀነስ ያስፈልጋል። የከርቢንን የራሷን ስበት ለጊዜው ብንተወው፣ ከፀሐይ ስበት ጨርሶ ለማምለጥ 3.9 ገደማ መጨመር ይበቃል። ቀጥ ብሎ ፀሐይ ውስጥ ለመውደቅ ግን 9.3ቱን በሙሉ ማጥፋት ነው። ከመጠጋት ማምለጥ ይቀላል ማለት ነው!

መላ አለው። አንዱ መጀመሪያ ከፀሐይ መራቅ ነው፤ ጁል የምትባለው ግዙፍ ፕላኔት እስካለችበት ርቀት ከሄደ መንኮራኩሩ እዚያ ስለሚዘገይ የቀረውን ፍጥነት በትንሽ ነዳጅ መግደል ይቻላል። መንገዱ ዓመታት ይፈጃል፤ ሰው አልባ መንኮራኩር ደግሞ ስንቅ አይጠይቅም። ሌላው በኢቭ አጠገብ እያለፉ በስበቷ ፍጥነት ማስቀነስ ነው።

የናሳዋ ፓርከር ያደረገችው ይህን ሁለተኛውን ነው። የእኛ ምድር ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ችግሩ ከጌሙም ይብሳል። ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2018 ተወንጭፋ በቬነስ አጠገብ ሰባት ጊዜ አለፈች፤ ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ቀረበች። 11.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ጋሻዋ ፊቱ ሲግል፣ መሣሪያዎቿ ከጥላው ሥር ናቸው።

በጌሙም የሙቀት መከላከያውን ወደ ፀሐይ አዙሩና መሣሪያዎቹን ከኋላው ደርድሩ። ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በታች ስትወርዱ ቴርሞሜትሩ አዲስ የሳይንስ ነጥብ ይሰጣችኋል። መረጃውን ከመላካችሁ በፊት ግን ከርቢን የት እንዳለች እዩ፤ ፀሐይ በመሃል ከገባች ሲግናሉ ይቋረጣል።