ርካሹ ሞግዚት ስንት ያስከፍላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ እሁድ ዕረፍት የማይወጣ፣ ለበዓል አገር ቤት ልሂድ የማይል ሞግዚት አንድ ብቻ ነው፤ ስልክ። ቻርጅ ካለውና ዋይፋይ ከያዘ ልጁን ሦስት ሰዓት ዝም አሰኝቶ ያስቀምጠዋል። እናት ወጥ ትሠራለች፣ አባት ኳሱን ያያል፣ እንግዳ ቢመጣም ጨዋታው አይቋረጥም። በብር ካሰብነው ከዚህ የረከሰ አገልግሎት የለም።

ኢኮኖሚክስ ስማር መጀመሪያ ከገቡኝ ነገሮች አንዱ ግን የአንድ ነገር ዋጋ የተከፈለበት ብር ብቻ እንዳልሆነ ነው። እሱን ስንመርጥ የተውነው ነገርም ዋጋ ነው። ግማሽ ቀን ተሰልፎ በነፃ ዘይት የወሰደ ሰው ከፍሏል፤ ግማሽ ቀኑን። ስለ ልጆችና ስክሪን ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨቃጨቀው "ልጁ ምን እያየ ነው?" በሚለው ላይ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ላስቀድም፦ ልጁ ያንን ሲያይ ምን ሳያደርግ ቀረ?

እስቲ የአንድ የ3 ዓመት ልጅ ቀን እንቁጠር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው ልጆች በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ደግሞ መሯሯጥና መንቀሳቀስ አለባቸው። ስክሪን ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጭራሽ አይመከርም።

12 ሰዓት ተኛ እንበል። 12 ሰዓት ቀረን። መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ 4 ሰዓት ቢወስድ 8 ይቀራል። መሯሯጡ 3 ሰዓት ሲቀነስ 5። እንግዲህ ይህ ልጅ ወሬ የሚሰማበት፣ "ለምን?" እያለ ሰው የሚያሰለችበት፣ በድስት ክዳን መኪና የሚነዳበት ጊዜ ይህ 5 ሰዓት ነው። ስልኩ 4 ሰዓት ከወሰደ 1 ሰዓት ተረፈው። 6 ሰዓት ከወሰደ ደግሞ ከእንቅልፉ ወይም ከሩጫው መበደር ይጀምራል። ሂሳቡ ይኸው ነው። ካርቱኑ ጨዋ ቢሆንም፣ ፊደል ቢያስተምርም ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው።

እኛ ብሎክ ውስጥ አንዲት የ4 ዓመት ልጅ አለች። ቀለማትን፣ እንስሳትን፣ የዳይኖሰር ዓይነቶችን ሳይቀር በእንግሊዝኛ ትጠራለች፤ አክሰንቷ የአሜሪካ ነው። ሰው ሁሉ "ጎበዝ!" ይላታል። ባለፈው አያቷ ከክፍለ ሀገር ሊጠይቋት መጡ። "የኔ እናት፣ ምን በላሽ?" ይሏታል፤ ዝም። "ማን አስለቀሰሽ?" ይሏታል፤ ከቪዲዮ የያዘችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ትመልስላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ዞር ብለው የእናቷን ፊት ያያሉ። በገዛ ልጃቸው ቤት አስተርጓሚ አስፈለጋቸው።

እንግሊዝኛ መቻሏን የሚጠላ የለም። ግን ስም መጥራትና መነጋገር ለየቅል ናቸው። መነጋገር የሚለመደው አንዱ ሲናገር ሌላው ጠብቆ ሲመልስ ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ታዋቂ ጥናት አለ። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ለቻይንኛ አጋለጧቸው። አንዳንዶቹ ቻይንኛ ተናጋሪ ሰው ፊታቸው ተቀምጦ አጫወታቸው፤ ሌሎቹ ያንኑ በቪዲዮ አዩት። ሰው ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቪዲዮ ያዩት ምንም አልተማሩም። ንግግሩ ያው ነበር፤ የጠፋው ሰውየው ነው። ስልክ ሕፃን ሲስቅ አብሮ አይስቅም፣ ጣቱን ሲቀስር ዞሮ አያይለትም።

"እኛስ ቴሌቪዥን እያየን አላደግንም እንዴ?" የሚል አይጠፋም። አድገናል። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። ልዩነቱ ተረቱ ያልቅ ነበር። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ዜና ይመጣል፤ ዜና ደግሞ ለልጅ ስለማይጥም ልጁ ብይ ሊጫወት ወይ ድብብቆሽ ሊል ውጪ ይወጣል። ገደቡን ያበጀው የወላጅ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። ነገሩ ራሱ ጥቂት ነበር።

አሁን "አለቀ" የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው እንጀራ ይጣፍጣል፣ ሁለተኛው ይቀንሳል፣ አራተኛው ላይ ሰው በቃኝ ይላል። ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተው ኦቶፕሌይ ግን በቃኝ እንዳንል በየደቂቃው አዲስ እንጀራ ይጥላል። ትልቅ ሰው እንኳ ቲክቶክ ላይ "አምስት ደቂቃ" ብሎ ገብቶ ሌሊት 7 ሰዓት ይሆንበታል። የ4 ዓመት ልጅ በምን አቅሙ ያቆማል?

ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ልጁ ባየ ቁጥር ማስታወቂያ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግልና ዩቲዩብ ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጆችን መረጃ ሰብስበዋል በሚል ክስ ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለኒውዮርክ ግዛት 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። በነፃ የመጣው ሞግዚት ደመወዙን ከሌላ ቦታ ያገኛል ማለት ነው።

ወላጆችን ግን መኮነን አልፈልግም። እስቲ በነሱ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ ሊሮጥበት የሚችለው ቦታ መኪና ቆሞበታል። ሁለቱም ወላጆች ይሠራሉ፣ ታክሲ ተሰልፈው ማታ ነው የሚገቡት። የቤት ሠራተኛ ተወዷል። ልጁን ብቻውን ወደ መንገድ መልቀቅ ያስፈራል። ሌላው አማራጭ ሁሉ ሲወደድ ሰው ወደ ርካሹ ይሄዳል፤ ይህ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ "ስልኩን ቀሙት" ብሎ ምክር ብቻውን አይሠራም። በምትኩ የሚቀርብ ነገር ያስፈልጋል።

በምትኩ የሚቀርበው ደግሞ የግድ ውድ አይደለም። በቻይናዋ ጓንዡ ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ላይ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤት በየቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ውጪ እንዲያሳልፉ ተደረገ። በ3 ዓመት ውስጥ የሩቁን አጥርቶ ማየት ያቃታቸው 30 በመቶ ገደማ ሆኑ፤ እንደ ወትሮው በቀጠሉት ዘንድ ግን 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። መድኃኒቱ ግቢና የፀሐይ ብርሃን ነው። የኮንዶሚኒየም ማኅበር ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት መኪኖቹን ወደ አንድ ጥግ ቢያስጠጋ በጀት አይጠይቅም።

ይህንን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ገና ወላጅ አይደላችሁም። አክስት፣ አጎት፣ ታላቅ እህት፣ ታላቅ ወንድም ናችሁ። "ስልክህን ስጠኝ" የሚባለው ግን ለናንተ ነው፤ ጥሩ ስልክ ያለው በናንተ እጅ ነዋ! ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ።

አንደኛ፣ ማለቂያ አብጁለት። ሁለት ቪዲዮ ቀድማችሁ አውርዱ፣ ኦቶፕሌይን አጥፉ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ስጡት። ሁለቱ ሲያልቁ አለቀ። ዳታችሁም ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ ገበታና አልጋ ላይ ስልክ አይኑር። ስክሪን እያየ የሚበላ ልጅ መጥገቡን በቅጡ አያዳምጥም፤ ከመኝታ በፊት የሚያየው ደግሞ እንቅልፉን ያርቅበታል። ይህ ሕግ የሚሠራው እናንተም ስታከብሩት ነው። ልጅ የሚቀዳው የምንለውን ሳይሆን የምናደርገውን ነው።

ሦስተኛ፣ አብራችሁት እዩ። "ይሄ ምንድነው? ለምን አለቀሰ?" በሉት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ ሁሉ። ያኔ ቪዲዮው ወሬ ማስጀመሪያ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ አለው፤ አልዋሻችሁም። ልጁ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ "ደበረኝ" ይላል፣ እናንተን ይከተላል። ታገሱት። መደበር ለልጅ በሽታ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ የድስቱን ክዳን ይፈልጋል፤ መሪ ያደርገዋል፤ መኪናው ይነሣል። ቤቱም ይረበሻል። ዝም ያለ ቤት ከፈለጋችሁ ስልኩ አለ፤ ዋጋውን ግን አሁን ታውቁታላችሁ።