ከፕሮፔለሩ ጎን ያለው ወንበር

ኪው 400 በተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ላሊበላ የበረረ ሰው ያውቀዋል፤ ወንበሩ ከፕሮፔለሩ ትይዩ ከሆነ ድምፁ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በደረትም ይገባል። ቢሆንም ከጎረቤት ጋር ማውጋት ይቻላል። እያንዳንዳቸው ከ5,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው ሁለት ሞተሮች ከስስ የአሉሚኒየም ቆዳ ማዶ እየተሽከረከሩ፣ ይህ እንዴት ሆነ? ለነገሩ «ኪው» የምትባለው ፊደል ራሷ የተወሰደችው ጸጥታን ከሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከምላጮቹ ነው። ፕሮፔለሩ ስድስት ምላጭ አለው። አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ሲጓዝ በደቂቃ 850 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ አጠገቡ ያለው ግድግዳ በሴኮንድ 85 ጊዜ በአየር ግፊት ይመታል። ሲነሣ ደግሞ 1,020 ዙር ነው፤ 102 ምት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ወፍራም ድምፅ አንዱ ሞገዱ ብቻ 4 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በግድግዳው ውስጥ የሚጎዘጎዘው ፋይበርግላስ ሞገዱን በደንብ እንዲውጥ የርዝመቱን ሩብ ያህል፣ ማለትም አንድ ሜትር፣ መወፈር ነበረበት። ታዲያ ተሳፋሪው የት ይቀመጥ? ግድግዳውን ማክበድም ብዙ አያዋጣም፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን የሚገኘው ትርፍ 6 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ያውም ለጠፍጣፋ ግድግዳ።

የአውሮፕላን አካል ግን ጠፍጣፋ ሳይሆን ሲሊንደር ነው፤ ሲሊንደር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወረቀት ሲዘረጋ ይልፈሰፈሳል፣ ሲጠቀለል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቆዳውም በክብነቱ ብቻ ይጠነክራል። ነገር ግን አንድ ድክመት አለው። በአሉሚኒየም ውስጥ በሴኮንድ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ንዝረት የአካሉን ዙሪያ በትክክል አንድ ጊዜ ሲሞላው፣ ቀለበቱ በሙሉ እንደ ሳንባ ይነፋል፣ ይሰበሰባል። ዲያሜትሩ 2.7 ሜትር ለሆነው ለዚህ አካል ይህ የሚሆነው 600 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ግድግዳውም እዚያ ላይ ድምፅ በቀላሉ ያሳልፋል። ደግነቱ ያ ሞገድ አጭር ስለሆነ ፋይበርግላሱ ይደርስለታል። የሚያስቸግረው ያው 85ቱ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከቆዳው ከራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ፉለር እና ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሲሊንደር ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ግድግዳው በብዙ ዓይነት ቅርጽ ይንቀጠቀጣል፤ በውስጡ ያለውን አየር አጥብቀው የሚያናውጡት ግን ጥቂቶቹ ቅርጾች ብቻ ናቸው። እነዚያን ጥቂቶች በትናንሽ ነቅናቂዎች ከተቃራኒ አቅጣጫ ከገፏቸው፣ ጸጥታው በአንድ ጥግ ሳይወሰን በሲሊንደሩ ውስጥ ይሰፋል። ከበሮ መቺ ድምፁን ማፈን ሲፈልግ ከበሮውን በጋቢ አይጠቀልልም፤ መዳፉን ቆዳው ላይ ያሳርፋል።

ድምፅን በተቃራኒ ድምፅ የማጥፋት ሐሳብ ራሱ የቆየ ነው፤ ጀርመናዊው ፓውል ሉግ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። እሾህን በእሾህ ነው፤ የጎደለው ፈጣን ኮምፒውተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የስዊድኑ ሳብ በ340 አውሮፕላኑ ላይ በድምፅ ማጉያ ሲሞክረው፣ የካናዳው ቦምባርዲየር በ1996 ከኪው ተከታታይ አውሮፕላኖቹ ጋር ሌላ መንገድ ያዘ። በካቢኑ ውስጥ የተደበቁ ማይክሮፎኖች ጉርምርምታውን ያዳምጣሉ፤ ኮምፒውተሩ ከፕሮፔለሩ ዙር ጋር ያመሳክረዋል፤ በአካሉ የአሉሚኒየም ቀለበቶች ላይ የታሰሩ ነቅናቂዎችም መልሰው ይነቀንቃሉ። በእኔ ግምት ብልጫው እዚህ ላይ ነው፦ ድምፁ ገና ድምፅ ሳይሆን፣ ንዝረት እያለ ይያዛል።

ሁለቱ ፕሮፔለሮችም እኩል እንዲራመዱ ይደረጋል። ዙራቸው በጥቂቱ ከተለያየ ዋው፣ ዋው የሚል፣ የሚነሣና የሚወድቅ ድምፅ ይፈጠራል፤ ከማያቋርጠው ይልቅ የሚያሰለቸው ደግሞ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ድምፁ ተራውን ጠብቆ ስለሚመታ፣ ቀጣዩን ምት መተንበይ ስለሚቻል ነው። በቆዳው ላይ እየተፋተገ የሚያልፈው ነፋስ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም፤ በጄት አውሮፕላን ካቢን ውስጥ የሚሰማን ያ ረጅም ሹሹታ በአብዛኛው እሱ ነው፤ ለእሱ የቀረበለት ያው ፋይበርግላሱ ነው።