ትሬብል 10 ላይ ሲደርስ ምን ይጨመራል?

ትሬብል፣ ሚድልና ቤዝ የሚሉ ሦስት ማዞሪያዎች ያሉት የፌንደር ዓይነት የቲዩብ አምፕሊፋየር ካገኙ፣ ሦስቱንም ዜሮ ላይ ያድርጓቸው። ጊታሩ ተሰክቷል፣ ቮልዩሙም ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ማሽኑ አልተበላሸም። ድምፁ የሚያልፈው በነዚሁ ማዞሪያዎች በኩል ስለሆነ ሦስቱም ሲዘጉ መውጫ ያጣል።

ፓሲቭ የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ውስጡ ያሉት ሬዚስተርና ካፓሲተር ብቻ ናቸው፤ ኃይል የሚጨምር ነገር የለም። ፌንደር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለቤዝ ጊታር የሠራውን ቤዝማን 5ኤፍ6-ኤ አምፕሊፋየር ብንከፍት፣ 250 ፒኮፋራድ የሆነች ትንሽ ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ወደ ትሬብል ታሳልፋለች። የቀረው በ56 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ሁለት ተለቅ ያሉ ካፓሲተሮች ይሄዳል፤ ቤዝና ሚድል ድርሻቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው።

እንግዲህ ትሬብሉን 10 ላይ ሲያደርሱት የሚቀነሰው አነሰ እንጂ የተጨመረ ነገር የለም። ሁሉም 5 ላይ ሲሆኑም ድምፁ እንደገባ አይወጣም፤ መካከለኛው ክፍል ጎድጉዶ ነው የሚወጣው። በአንዳንድ የፌንደር አምፕሊፋየሮች ላይ የዚህ ክፍል ቮልቴጅ ወደ አንድ አስረኛ ገደማ ይወርዳል፤ የጠፋውን ኃይል የሚተካው ቀጥሎ ያለው ቲዩብ ነው። በዚያ ላይ ማዞሪያዎቹ ይነካካሉ፦ ትሬብሉ ከፍ ካለ ሚድሉ ብዙም አይታዘዝም። የሌላ ጊታሪስት ማዞሪያ ስንት ላይ እንዳለ አይቶ መገልበጥ ብዙ ጊዜ የማይሠራውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

መሐንዲስ ይህን ጉድለት ሊለው ይችላል። ለጊታር ግን ተስማማ። ለንደን ውስጥ የጂም ማርሻል የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄቲኤም 45 የተባለውን አምፕሊፋየር ሲሠራ የቤዝማንን ሰርኪዩት ከሞላ ጎደል እንዳለ ወሰደው፤ የሮክ ጊታር ድምፅም በዚሁ መንገድ አለፈ። እንደኔ አምራቾች እስከ ዛሬ ያልተዉት ለናፍቆት ብቻ አይደለም፤ የጊታር ፒካፕ መካከለኛ ድምፅ ስለሚያበዛ መጎድጎዱ ያምርበታል።

አክቲቭ የሚባለው አሠራር ሌላ ሐሳብ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ባክሳንዳል በ1952 ዋየርለስ ወርልድ መጽሔት ላይ ባወጣው ንድፍ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን የማጉያው ኔጋቲቭ ፊድባክ ውስጥ (ከመውጫው ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው በሚመልሰው መንገድ ላይ) አስገባው። ማዞሪያው መሃል ላይ ሲሆን የገባው እንዳለ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር በርግጥ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል። ቤዙን ሲነኩ ትሬብሉ እምብዛም አይናወጥም። ንድፉ መጀመሪያ የተስፋፋው በሙዚቃ ማዳመጫ መሣሪያዎች ላይ ነው፤ በጊታሩ ሰፈር አክቲቭን በብዛት የምናገኘው ቤዝ አምፕሊፋየር ላይ ነው።

የፓሲቭና የአክቲቭን ልዩነት የቲዩብና የትራንዚስተር ልዩነት አድርጎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። አይደለም፤ በትራንዚስተር የሚሠራ አምፕሊፋየር ፓሲቭ ማዞሪያ ሊኖረው ይችላል። ይልቅ ፊቱን ይመልከቱ፦ ዜሮው መሃል ላይ ሆኖ በግራና ቀኙ የመቀነስና የመደመር ምልክት ካለ፣ መሃል ላይ ሲደርስም ቀጭ ካለ፣ አክቲቭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አክቲቩም ዋጋ ያስከፍላል። ቤዙን በ15 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ የወፍራሙን ድምፅ ቮልቴጅ ከአምስት እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ማጉያው ያን ሁሉ መሸከም ሲያቅተው ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቤዝ ከመጨመር በፊት ጌኑን (የመግቢያውን ማጉሊያ) ዝቅ ማድረግ ይሻላል።